ግራውና ቀኙ፦ ከጅማ ወደ ሽሮ ሜዳ

ይህን የምጽፈው ከጉዞው ከተመለስኩ በኋላ፣ ጅማ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። በእጄ ያሉት ማስረጃዎች ጥቂት ናቸው፤ ጽሑፉ የደበዘዘ የአውቶቡስ ትኬት፣ በስልኬ ውስጥ የቀሩ አጫጭር መልእክቶች፣ ሳላውቀው በሻንጣዬ ይዤው የመጣሁት አንድ እግር ግራጫ ካልሲ፣ እና የራሴ ትዝታ። ከሁሉም አብልጬ የምጠራጠረው የመጨረሻውን ነው። በመምህራን ኮሌጅ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን፣ አንድ የዓይን ምስክር የት ቆሞ እንዳየ ሳትጠይቁ ቃሉን አትቀበሉ እያልኩ አሰለች ነበር። ያን ጥያቄ ዛሬ ለራሴ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል። ንግግሮቹን ያሰፈርኩት እንደማስታውሳቸው ነው። የቀናቱ ቅደም ተከተል ግን ትክክል ይመስለኛል፤ ከአማቼ ጋር በስልክ አመሳክሬዋለሁ።

የጡረታ ጓደኞቼ ስመለስ "አዲስ አበባ እንዴት ሰነበተች?" ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልሰጠኋቸውም። አብዛኞቻችን ከእንግዲህ ያን መንገድ የምንሄድ አይመስለኝምና፣ መልሱ ይኸው።

ሰኞ ማለዳ አማቼ ብሩክ ደወለልኝ። ብሩክ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። "አባባ፣ ምሕረት ያለ ጊዜዋ ወለደች። በኦፕሬሽን ነው። ሴት ናት። ልጅቷን ማሞቂያ ውስጥ አስገብተዋታል፣ ምሕረትን ደግሞ ወደ ቤት ልከዋታል። እኔ ጋላፊ ድንበር ላይ ከነጭነቴ ቆሜያለሁ፤ ወረቀቱ አላለቀም። እርስዎ ካልደረሱላት ማንም የላትም" አለኝ። ምሕረት አንድ ልጄ ናት። እናቷ ካረፈች ቆይታለች።

የጅማን ማር በፕላስቲክ ዕቃ ሞልቼ፣ ልብሴ መሐል ሸጉጬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ክዳኑን ሳያላላው አልቀረም፤ ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም ሻንጣዬ ከሥሩ ይንጠባጠብ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት የወሊሶ ሴት ያለ ምንም ጥያቄ ሻንጣውን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ሸሚዞቼን አንድ በአንድ አውጥተው በራሳቸው ፎጣ ጠረጉልኝ። "ለማን ነው የሚወስዱት?" አሉኝ። ለአራስ ልጄ ነው አልኳቸው። የተረፈውን ማር አጥብቀው ከድነው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና እስኪወርዱ ድረስ ያዙልኝ። ስማቸውን አልጠየቅኩም።

ከአውቶቡስ ተራ በሁለት ታክሲ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ። ለማታውቁት፦ ሽሮ ሜዳ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነጠላና ቀሚስ የሰቀሉ ሱቆች ተደርድረዋል። የጅማ ብርድ ቅጠል ለቅጠል እየተንሸራሸረ ቀስ ብሎ ይመጣል። የዚያኛው ግን ከባሕር ዛፉ ውስጥ ወጥቶ ቁልቁል ይወርድብሃል። ልጄ የምትኖረው ከአስፋልቱ ገባ ባለ ግቢ፣ ጋሽ አንጁሎ ከሚባሉ ሸማኔ በተከራየችው ክፍል ነው። ጋሽ አንጁሎ ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው የመጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ምሕረትን ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ እንደ ልጃቸው ሲያርሷት ነበር የቆዩት።

ለእኔ ማደሪያ የተሰጠኝ የሸማ ቤቱ ነው። ሸማኔው እግሩን አስገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ ከፍራሼ አጠገብ ነበር። "መምህር፣ ሲነሱ በዚያኛው በኩል ይውረዱ" ብለው ጋሽ አንጁሎ አስጠነቀቁኝ። ማክሰኞ ጠዋት በዚህኛው በኩል ወረድኩ። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ድሩንም አናወጥኩት። ጋሽ አንጁሎ ድምፁን ሰምተው መጡና በር ላይ ቆመው አዩኝ። "በሉ እንግዲህ ከገቡ አይቀር አንድ ነጠላ ይሥሩልን" አሉ። ያን ጠዋት ስቄ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ ብዙ ተጠንቅቄ ልጽፈውም ይገባኛል፤ አባት ስለ ልጁ ሊጽፈው የተለመደ ነገር አይደለምና። ሕፃኗ ለመጥባት አቅም አልነበራትም። ወተቱ በቤት ውስጥ በማለቢያ መሣሪያ፣ እነሱ ፓምፕ በሚሉት፣ ይታለብና ወደ ሆስፒታሉ ይወሰዳል፤ እዚያ በቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ በኩል ይሰጣታል። የምሕረት ቁስል አልሻረምና ያን ዳገትና ታክሲ አትችለውም። ወሳጁ እኔ ነበርኩ። መሣሪያው ከሥራ ባልደረባዋ በውሰት የመጣ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ያልባል፣ ሁለት ጠርሙስም አለው። የቀኙ ጠርሙስ እስከ ትከሻው ይሞላል። የግራው ግን ወለሉን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም።

"አባዬ፣ ግራው እምቢ አለኝ" አለችኝ ማክሰኞ፣ ጠርሙሶቹን በነጠላ ሸፍና ስታቀብለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመካከላችን ቃሉ ይኸው ሆነ፤ ግራው፣ ቀኙ። ሌላውን ስም አንዳችንም አልጠራነውም። ሲታለብ እኔ በሸማ ቤቱ እቀመጣለሁ፤ የመሣሪያው ትንፋሽ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ሲያቆም እነሣለሁ።

"ቀኙ እኮ በቂ ነው" አልኳት።

"ዛሬ በቂ ነው። ስታድግስ? ቀኙም እንደ ግራው ቢሆንስ? ያለ ጊዜዋ አወጣኋት፤ ቢያንስ ይሄንን እንኳን በቅጡ ልስጣት።"

በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተቀበለችኝ ሐና የምትባል ነርስ ናት። የልጅ ልጄን በመስታወቱ ውስጥ አሳየችኝ። ስም ገና አልወጣላትም፤ በማሞቂያው ላይ የተለጠፈው "የምሕረት ልጅ" ይላል። ስለ መልኳ የምጽፈው የለኝም፤ ባስታወስኳት ቁጥር ትለዋወጥብኛለች።

የግራውን ጉዳይ አፍሬ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነገርኳት። ሲስተር ሐና ግን እንደ አየር ጠባይ ቀለል አድርጋ ተቀበለችው። "አባባ፣ የብዙ እናት ሁለቱ እኩል አይደለም። ቀኙ ካለቀ በኋላም ግራው ላይ ጥቂት ይቆይ፤ እየታለበ በእጇ ታሻሸው። ደጋግሞ ባዶ ሲሆን ነው የሚጨምረው፤ ከተተወ ይደርቃል። ደግሞ ልጅቷ አሁን የምትወስደው በጣም ትንሽ ነው፤ የግራውም ቢሆን ከንቱ አይደለም። ትልቁ ጠላት ጭንቀቷ ነው። ጠርሙሱን እያየች ነው የምታልበው አይደል? ካልሲ አልብሱት፤ አትየው።"

በታክሲ ስመለስ አረፍተ ነገሮቹን ላለመርሳት ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ደገምኳቸው። አጠገቤ የነበረው ሰው ጸሎት መስሎት ጋዜጣውን አጠፈልኝ።

ረቡዕ የብሩክ ግራጫ ካልሲዎች ለጠርሙሶቹ ለበሱ። እትዬ ወርቅነሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። "ባልሽ ከጅቡቲ ሲመጣ እግሩ እንዲህ አጥሮ ያገኘዋል" አሏት። ነገር ግን ምሕረት አንድ ነገር ጠየቀች፤ ጠርሙሶቹ እንዳይቀላቀሉ። ሲያበቃ፣ እሷ ሳታይ፣ እኔ ግራው ምን ያህል እንደሰጠ እንድነግራት ፈለገች። ጋሽ አንጁሎ ከጥለት ክራቸው ቀዩንና አረንጓዴውን ቆርጠው ሰጡ፤ ቀይ ለግራው፣ አረንጓዴ ለቀኙ። ምሕረት በቁስሏ ምክንያት በትራስ ተደግፋ፣ በላይዋ ነጠላ ጣል አድርጋ ትጋደማለች፤ እትዬ ወርቅነሽ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠርሙሶቹን ይይዙላታል፤ ሲሞላ ይነቅላሉ፣ ይከድናሉ፣ ክሩን ያስራሉ። አንባቢ ይህን አቀማመጥ ልብ ይበልልኝ። እኔ በጊዜው ልብ አላልኩትም።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ካልሲዎቹን ሳወልቅ፣ ባለ ቀይ ክሩ ጠርሙስ እስከ ትከሻው ሞልቶ ነበር።

ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ አየሁት። ከዚያ ወደ በሩ ቀርቤ "ምሕረት፣ ግራው መጣ" አልኳት። እትዬ ወርቅነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለጎረቤት እንዳይሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እልል አሉ። የጋሽ አንጁሎ መወርወሪያ ቆመ። "ለአንድ ጠዋት ካልሲ ነው ይሄ ሁሉ? ነገ እኔም ለሸማዬ አለብሰዋለሁ" አሉ። ምሕረት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። አራስ ቤት ማርና አጥሚት ይሸታል፤ የእናቷ አራስ ቤትም እንደዚያ ይሸት እንደነበር ድንገት ትዝ አለኝ። ይህ የኋላ ትዝታዬ ያከለው ሊሆንም ይችላል።

በታክሲው ውስጥ ከጭኔ ላይ ያኖርኩትን የበረዶ ሣጥን አንዲት ወፍራም ወይዘሮ ገፋ አደረጉትና "አባባ፣ ምሳዎትን መሬት ላይ ቢያደርጉትስ?" አሉ። "የልጅ ልጄ ወተት ነው" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ ታክሲ ውስጥ ማንም እኔን አልነካኝም፤ አራት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ሦስት ሆነን ሄድን። ሾፌሩ ጉድጓዶቹን እየዞረ ነዳ። ሲስተር ሐና ሕፃኗ ከወተቱ እንደተቀበለች፣ እንዳላስመለሰችም ነገረችኝ። ከጉዞው ሁሉ መልካም ቀን የምለው ይህንን ነው፤ በስሕተት ላይ የቆመ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሐሙስ ሁለት ነገር ሆነ። ጠዋት ምሕረት "አሁን ደግሞ ቀኙ ሊጠፋ ነው" ብላ፣ ለግራው የታዘዘላትን ሁሉ ለቀኙ ታደርግ ጀመር። እሱን ታሻሻለች፣ እሱ ላይ ታቆያለች። "የሚሰማኝ ግን ሌላ ነው" አለችኝ፣ ራሷን እየታዘበች። "የከበደኝ ቀኙ ነው የሚመስለኝ። ምናልባት ኦፕሬሽኑ ይሆናል ያዛባኝ። ክሩ መቼም አይዋሽም።"

ሆስፒታል ስደርስ ደግሞ ሲስተር ሐና ወተቱን ተቀብላኝ ወዲያው አልገባችም። ልጅቷ ትንፋሿ እንደደከመ፣ ኦክስጅን እንደጨመሩላት፣ ሐኪሙ እያያት እንደሆነ ነገረችኝ። "ወተቱን ግን አምጡ፤ አታቋርጡ" አለች። ለምሕረት የነገርኳት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ እቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ዳገቱን ወጣሁ። እንጦጦ ማርያምን እንዴት አገኘሃት ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ያየሁት ግንቡን ነው፤ ግንባሬን አስደግፌበት ስለነበር እሱንም በቅጡ አላየሁትም። ስወርድ አንዲት መነኩሲት ወይባ ለብሰው አለፉኝና "አይዞህ" አሉኝ። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም።

ዓርብ የመሣሪያው መሰኪያ ላላና እየተቋረጠ አስቸገረ። እትዬ ወርቅነሽ ጠሩኝ። "መምህር፣ ይምጡና ይቺን ይያዙልን፤ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያድርጉ።" ገባሁ፤ ሶኬቱን በእጄ ደግፌ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። መሣሪያው ሲያቆም "ይሄ ግራ፣ ይሄ ቀኝ" ሲሉ ሰማሁ፤ ምሕረት ተሸፍናለች ብለውኝ ዞርኩ። እትዬ ወርቅነሽ ቀዩን ክር በራሳቸው ግራ እጅ በኩል ለነበረው ጠርሙስ ሲያስሩ አየሁ። ፊት ለፊቷ ነው የተቀመጡት። የእሳቸው ግራ የልጄ ቀኝ ነው።

ጠርሙሶቹን ይዤ ወጣሁ። ወደ ሸማ ቤቱ ሲከተሉኝ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እትዬ ወርቅነሽ፣ ግራው የትኛው ነው?"

"ይሄኛው ነዋ" ብለው ግራ እጃቸውን አነሡ።

"የእርስዎ ግራ ነው ወይስ የእሷ?"

እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ አፋቸው ሄደ። ጋሽ አንጁሎ ከጉድጓዳቸው ውስጥ "ፊት ለፊት ተቀምጠሽ!" አሉ፣ ድምፃቸውን አፍነው።

"ከረቡዕ ጀምሮ?" አልኳቸው።

"ከረቡዕ ጀምሮ። አንድም ቀን ዞሬ አልተቀመጥኩም። ወይኔ ልጄን" አሉ እትዬ ወርቅነሽ። "ታዲያ ግራው አልመጣም ማለት ነው?"

"አልመጣም። እንዲያውም ሦስት ቀን ሙሉ ትተነዋል። የምታሻሸው ደኅናውን ነው። ዛሬውኑ ልነግራት ይገባል።"

"ይገባል" አሉ ጋሽ አንጁሎ፣ መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው። "ግን መምህር፣ ዛሬ ያቺ ልጅ ገና አንድ ሳህን ምግብ ጨርሳ መብላቷ ነው። እኔ ነኝ ሳህኑን ያነሳሁላት። ትተኛ። ጠዋት አጥሚቷን ስትጠጣ ይንገሯት። እኔም አለሁ፣ ይቺም አለች። ይቺ ናት ያጠፋችው ብለን እንስቅባታለን።"

"ሳቁብኝ" አሉ እትዬ ወርቅነሽ። "ብቻ እንዳይደርቅ።"

ነገሩን እያሰላሰልኩ ተኛሁ። እውነቱን የምነግርበትን አረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት፤ "ትንሽ ስሕተት ተገኝቷል" የሚል ነበር መጀመሪያው። የቀረውን ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ አጥሚቱ ሳይቀርብ ስልኬ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ነው፤ እንድመጣ፣ ብቻዬንም እንዳልመጣ ነገሩኝ። ጋሽ አንጁሎ ኮታቸውን ደረቡ። በታክሲው ውስጥ እጄ በልምድ የሌለውን ሣጥን ጭኔ ላይ ሲፈልግ እንደነበር ነግረውኛል፤ እኔ አላስታውስም።

ሲስተር ሐና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ሕፃኗ ማለዳ እንዳረፈች ነገረችን። ስለ ቀብሩ አልጽፍም፤ አጭር ነበር፣ ጋሽ አንጁሎ ጥበብም ጥለትም የሌለው አንድ ንጹሕ ነጭ ሸማ ሰጡ፤ ከዚያ በላይ የማስታውሰውን አላምነውም። ሲስተር ሐና ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ደጋግማ አስያዘችኝ፤ ምሕረት ወተቱን ባንድ ጊዜ እንዳትተወው፣ እንዳያማት ቀስ በቀስ እንድትቀንሰው። ምሕረት አሁንም ታልባለች ማለት ነው፤ ለማንም ሳይሆን።

ልጄ ከፊታችን ላይ አነበበችው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

"መጨረሻ የወሰደችው ከየትኛው ነው?"

ነርሷን ይህን አልጠየቅኳትም ነበር። የማውቀው ዓርብ ወተቱን ሳደርስ ሲስተር ሐና መጀመሪያ የከፈተችውን ጠርሙስ ነው። "ቀይ ክር ያለበትን ነው ሲከፍቱ ያየሁት" አልኳት። የተናገርኩት ያየሁትን ነው፤ ከዚያ አልፌ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

"ከግራው" አለች። ዓይኗን ጨፈነች። "ቢያንስ ግራው ደርሶላታል።"

እትዬ ወርቅነሽ ከበሩ ሥር አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ወዲያ ያ ጉዳይ በዚያ ቤት አልተነሣም።

ብሩክ እሑድ ደረሰ፤ ወረቀቱ ባላለቀበት መኪና ላይ ሌላ ሾፌር ተክቶ ባገኘው ተሳፍሮ ነው የመጣው። ጎረቤቶቹ ድንኳን የማይተከልለትን ሐዘን በየተራ ተቀመጡለት፤ በጅማ ቢሆን ኖሮ ጨቅላ ነው ብለው ፈጥነው የሚበትኑት ይመስለኛል፤ እነሱ ግን ሥራቸውን ትተው፣ ያልተጠናቀቀ ሸማ እየተሸከሙ መጥተው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር።

ረቡዕ ወደ ጅማ ተነሣሁ። እትዬ ወርቅነሽ ማሩ የነበረበትን ዕቃ አጥበው ቆሎ ሞሉልኝ። ሸሚዞቼ አሁንም ማር ማር ይሸቱ ነበር። ምሕረት ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ ተነሥታ እስከ ደጃፉ ወጣች። አልተቃቀፍንም፤ ቁስሏን ፈራሁላት። "ግቢ በለኝ እንጂ አባዬ፣ ብርዱ" አለችኝ፤ "ግቢ" አልኳት። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የለበሰችው ሰማያዊ ቀሚስ በአንድ ጎኑ ረጥቧል። በአንዱ ጎን ብቻ ነው፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። እርጥበቱ ሰፊ ነበር፤ እሷ ገና አልታወቃትም።

በትዝታዬ ውስጥ ያ እርጥብ ጎን በሸማ ቤቱ በኩል ያለው ነው። ምሕረት ወደ እኔ ዞራ ቆማ ከነበረ፣ በሸማ ቤቱ በኩል የሚሆነው ግራዋ ነው። ለእትዬ ወርቅነሽ መልስ ልትሰጥ ወደ ውስጥ ዞር ብላ ከነበረ ደግሞ ቀኟ ይሆናል። እትዬ ወርቅነሽ በዚያች ሰዓት ጠርተዋት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ከመዞሯ በፊት ይሁን በኋላ ቀሚሱን ያየሁት፣ ይህን ለማረጋገጥ አልቻልኩም። ግራው ዘግይቶም ቢሆን መጥቶ እንደሆነ መጠየቅ የምችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ አልጠይቃትም።